አሥራ ሁለተኛው ቀዳዳ

«እዚህ ጋ ልብ በሉ» አለች ሠዓሊዋ፣ በቀጭን ዘንግ ወደ ላይ እያመለከተች። «ሰባቱ ክፍሎች እኩል ናቸው። ስምንተኛው ግን ጠበብ ብሎ ወደ ላይ ይሸሻል። ሠሪዋ ሚዛኑን ሆን ብላ ሰብራዋለች። ድፍረቷን እዩልኝ!»

ጎብኚዎቹ አንጋጠው ድፍረቱን አዩ። አንድ መነጽር ያደረጉ ሰውዬ ማስታወሻቸውን አውጥተው ጻፉት። እኔ ሳል ሳይኖርብኝ ሳልኩ፤ ፊቴን የማደርግበት ጠፋኝ።

ድፍረቱ የእኔ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ የዋሸሁት ውሸት በነጭ አዳራሽ ውስጥ፣ መብራት በርቶለት፣ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ይጎበኛል።

ነገሩ ዳንቴል ነው። ክብ ነው፤ ስፋቱ የሁለት ሰው አልጋ ልብስ ያህላል። ዙሪያው በስምንት ቦታ ተሰቅሎ መሐሉ ወደ ታች ረግቧል፤ ከየቋጠሮው ትንንሽ የብሎን ዳዶዎች ተንጠልጥለዋል። ከሥሩ፣ ወለሉ ላይ፣ ሰፊ መስታወት ተነጥፏል። ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው ዳንቴሉ ይገለበጥና ጣሪያ ይሆናል፤ የከተማው ሰው ሁሉ አውቶቡስ ሲጠብቅ የሚጠለልበት የመናኸሪያው ጣሪያ። በአንድ በኩል ዝቅ ያለ መሆኑ ሳይቀር ራሱ ነው።

ሠዓሊዋ ሠዓሊ ትባል እንጂ ቀለም ስትነካ ያያት የለም። ሥራዋ ሰው የረሳውን ዕቃ ፈልጋ፣ አቧራውን አራግፋ፣ ሰው እንዲደነቅበት አድርጋ ማስቀመጥ ነው። ይኼንን ያገኘችው ከሞተ የቆየ አንድ መሐንዲስ ቢሮ ውስጥ፣ ካርቶን ውስጥ ነው። ካርቶኑ ላይ የአክስቴ ስም ተጽፎ ነበርና በስሙ ፈልጋ ፈልጋ እኔ ጋ ደረሰች።

ጎብኚዎቹ ሲወጡ ወደኔ መጥታ «አክስትዎ ከዚህ በኋላ ምንም አልሠሩም የተባለው እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ኪሮሽ ይዛ አታውቅም።»

«ለምን?»

«ዓይኗ» አልኳት። «ዓይኗ ደክሞባት ነው።»

ይህንን መልስ አርባ ዓመት ስሰጠው ኖሬያለሁ። ለሰው ብቻ አይደለም፣ ለራሴም። ደግሞ ውሸት አልነበረም፤ እንዲያውም እውነት መስሎኝ ነበር።

«ማክሰኞ ለጎብኚ ዝግ ነው» አለች ሠዓሊዋ። «ይዘዋቸው ይምጡ። ለእሳቸው በእጅ መንካት ፈቅጃለሁ።»

በሩ ላይ የምትቀመጠው ጥበቃ፣ ደልደል ያለች ደስ የምትል ሴት፣ ጠረጴዛዋ ሥር ደብቃ የሕፃን ኮፍያ ትሠራለች። ኪሮሹ እጇ ላይ ብልጭ ሲል አየሁት።

*

ቤታችን ሁለት ክፍል ነበር። አባቴ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለነበር ቤቱ የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው፤ ሻንጣውን ሳይፈታ ይሄዳል። እናቴ ስልክ ቤት ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ የማታውቃቸውን ሰዎች ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ስታገናኝ ውላ፣ ጆሮዋ ቀልቶ፣ ምላሷ ዝሎ ትመጣለች። ስለዚህ ቀኔ በሙሉ የእትዬ ነበር።

እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ እትዬ ስለምትላት እኔም እትዬ አልኳት፤ ሰፈሩም ተከተለን። ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ለእኔ ግን ከዓለም ጋር አብራ የተፈጠረች ትመስለኝ ነበር። መቀመጫዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ አንዱ እግሩ አጥሮ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ ወንበር። ኪሮሹን የማትሠራበት ጊዜ ጸጉሯ ውስጥ ትሰካዋለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ በእጇ ያለው ዳንቴል ጥላውን ግድግዳው ላይ ይጥላል፤ እሷ ወለል ላይ ቁጭ በይ ትለኛለች፤ እኔም በጥላው ቀዳዳዎች መሐል ጣቴን እያሳለፍኩ ቤት እሠራለሁ፣ መንገድ አወጣለሁ፣ ሰው አስገባለሁ። እንቅልፍና ንቃት የሚለዩበት ሰዓት አልነበረም። አንዳንዴ ተኝቼ ስነቃ ጥላው ፊቴ ላይ ነው።

ታዲያ ይህች ደግ ሴት በሥራዋ ላይ ምሕረት አታውቅም። አንዴ ለመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት የጠረጴዛ ልብስ ሠርታ ጨረሰች። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ሊሄድ ነው። እጇ ሲዳብሰው ቆየና መሐሉ አካባቢ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ፣ አንድ የጎደለች ቀዳዳ አገኘች። ክሩን ያዘችና ሳበችው። የሁለት ወር ሥራ እኔ እያየሁ ክር ሆኖ ወለሉ ላይ ተከመረ።

እናቴ ጭንቅላቷን ይዛ «እትዬ፣ አብደሻል እንዴ? ማን ሊያየው?» አለቻት።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች እትዬ፣ ክሩን እየጠቀለለች።

ይህ ነገር ልቤ ውስጥ ተቀመጠ። እትዬ የተሳሳተ ነገር ካገኘች ትተረትረዋለች። ሕግ ነው። የልጅ ሕግ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

*

ጨዋታችን እንዲህ ነው። እትዬ ዓይኗን ትጨፍናለች። የሠራችውን ክፍል በጣቷ እየዳበሰች ቀዳዳዎቹን ትቆጥራለች፤ እኔ በዓይኔ እቆጥራለሁ። ከዚያ አብረን ቁጥሩን እንላለን። ከተስማማን አንድ ፍንካች ስኳር። ካልተስማማን እንደገና።

«ዓይኔን ጨፍኜም እበልጥሻለሁ» ትለኛለች።

«አትበልጪኝም!»

«በይ እንያ፣ አንቺ ምላሳም!»

እኔ ከመቶ በላይ መቁጠር የቻልኩት ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው፤ በእትዬ ጣቶችና በስኳር ነው። ዛሬ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ሒሳብ ማን አስወደደሽ ሲሉኝ ስለዚያች መስኮት እነግራቸዋለሁ፤ ሌላውን ግን አልነግራቸውም።

ሌላው ምን መሰላችሁ፤ እትዬ ዓይኗን የምትጨፍነው ለጨዋታ አልነበረም። ብትገልጠውም ብትጨፍነውም ለውጥ ስላልነበረው ነው። ነጭ ክር በነጭ ብርሃን ውስጥ ከጠፋባት ቆይቷል። ለእናቴ አልነገረቻትም፤ ብትነግራት እናቴ ኪሮሹን ቀምታ አልጋ ላይ እንደምታስተኛት ታውቃለች። ስለዚህ የሰባት ዓመት ልጅ ዓይን ተበደረች፤ በስኳር።

*

አንድ ቀን አንድ ረጅም ሰውዬ ክንዱ ሥር የወረቀት ጥቅልል ይዞ መጣ። እግሩን በሩ ላይ ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ገባ። ወደ እኔ ዞሮ «እንደምን ዋልሽ፣ እመቤቴ?» አለኝ። እመቤቴ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት የለም፤ ወዲያው ጠላሁት። ባለ ጥቅልሉ ብዬ ስም አወጣሁለት።

ባለ ጥቅልሉ በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ ሦስቴ መምጣት ጀመረ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ እትዬ በጣቷ መስመሮቹን ትከተላለች፤ እሱ እጇን ይዞ ያሳያታል። እጇን ይዞ! ከእሱ መምጣት ጋር እትዬ አዲስ ሥራ ጀመረች። ነጭ ነው፤ ክብ ነው፤ ከመሐሉ ተነስቶ በስምንት ክፍል እየሰፋ የሚሄድ፣ ጭኗን አልፎ ወለሉ ላይ የሚፈስ። ጠረጴዛ የሚሆን አይደለም፣ አልጋ የሚሆን አይደለም።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሲያልቅ ታዪዋለሽ።»

ልጅ ሲያልቅ ታዪዋለሽ ከተባለ ሳያልቅ ያውቀዋል። ሰፈራችን ውስጥ ሙሽራ አይቼ ነበር፤ ራሷ ላይ ነጭ ነገር ነበር፤ ወለሉ ላይ ይጎተት ነበር። ጉዳዩ ተፈታ።

ቀጥሎ ባለ ጥቅልሉ አንድ ቀን በኪሱ ሙሉ ትንንሽ የብረት ዳዶዎች አመጣ። በክር እያሰረ «እነዚህ ከየቋጠሮው ይንጠለጠላሉ» አላት። ጌጥ መሆናቸው ገባኝ። ብር አጥቶ ነው ብዬ ትንሽ አዘንኩለት።

ለእኔ ደግሞ ነገሩን ሊያሳየኝ የአንገት ሐብል ከኪሱ አወጣ። ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ መሐሉን አረገበው። «እይ እመቤቴ» አለኝ። «እንዲህ ርገብ ብሎ የነገረው የለም። ክብደቱ ራሱ ነው ቦታውን የሚያገኘው። አሁን ይኼ ባለበት ቢደርቅና ብንገለብጠው፣ ያለ ምንም ምሰሶ ራሱን ችሎ ይቆማል። የተንጠለጠለ ነገር አይዋሽም።»

«ለማን ነው ሐብሉ?» አልኩት።

«የእናቴ ነበር» አለና ወደ እትዬ ተመልክቶ ፈገግ አለ። ሐብሉን ኪሱ ከተተው። እኔ ግን ማን አንገት ላይ ሊያርፍ እንደሆነ አውቄዋለሁ።

የመጨረሻውን ማረጋገጫ የሰማሁት በር ላይ ነው። ጫማዬን የማስር መስዬ ጆሮዬን ጥዬ ነበር።

«አዳራሹ ስንት ሰው ይይዛል አሉ?» አለች እትዬ።

«አምስት መቶ ሰው» አለ እሱ።

«ምነው በዛ!»

«እርስዎ ይጨርሱልኝ እንጂ ሰው ሞልቶ ይተርፋል። የሚቀረው የእርስዎ ሥራ ብቻ ነው። ይኼ ሲያልቅ በነጋታው እንጀምራለን።»

አምስት መቶ ሰው የሚጠራበት ሠርግ! ነጩ ነገር ባለቀ በነጋታው እትዬ ትሄዳለች። ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ጥላ ይጠፋል፤ እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ በር የሚከፍትልኝ ሰው የለም። ለእናቴ እንዳልነግር እናቴም ታውቅ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። አልቅሼ ልለምናት አሰብኩ፤ ግን ሙሽራ በለቅሶ እንደማትቀር ሰፈር ውስጥ አይቻለሁ፤ እንዲያውም ባለቀሱላት ቁጥር ትሄዳለች።

*

በማግስቱ እትዬ ዓይኗን ጨፍና፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን ክፍል እየዳበሰች ቆጠረች። አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት። ክር ዘላ ኖሮ አንዷን ረስታታለች፤ እኔ አየሁ፤ አሥራ አንድ ነው።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» አለች፤ አብረን የምንናገርበት ምልክት ነው።

«አሥራ አንድ» አለች እሷ።

«አሥራ ሁለት» አልኩ እኔ።

ጣቷ ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ቀዳዳ ተነስታ ሄደች። «አሥራ አንድ ነው መሰለኝ» አለች፣ ግንባሯ ቋጠር ብሎ።

«አሥራ ሁለት ነው፣ እትዬ። ሁለቴ ቆጠርኩት። አይታይሽም እንዴ?»

ጣቷን ከክሩ አነሳችና «ልክ ነሽ» ብላ ስኳሬን ሰጠችኝና ወደሚቀጥለው ክፍል ዞረች።

ስኳሩ አፌ ውስጥ አልሟሟ አለ። ግን መንገዱን አግኝቻለሁ። ከዚያ በኋላ በየዙሩ፣ በዚያ ክፍል ላይ ብቻ፣ ልክ ሠርታ ሳለ «አንድ በዝቷል» እላታለሁ፤ አንድ ትፈታለች። ጣቷ ትክክል ነው ይላታል፣ እኔ አይደለም እላታለሁ፤ ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነኝ። ሐሳቤ ቀላል ነው፤ ሲያልቅ ስህተቱን ታየዋለች፤ እንደ ልማዷ ክሩን ይዛ ትስበዋለች፤ የሠርጉ ነገር ወለል ላይ ተከምሮ ይቀራል፤ እንደ አዲስ እስክትሠራው እኔ ትልቅ ሰው እሆናለሁ።

እሷ ግን በእነዚያ ሳምንታት ዝም እያለች መጣች። መዝፈን ትታ፣ በሥራ መሐል ቆም ብላ ጣቶቿን በሌላው እጇ ታሻሻቸዋለች፤ የደነዘዙ ይመስል። በርዷት ነው ብዬ አንድ ቀን እጇን በአፌ ትንፋሽ አሞቅሁላት። ግንባሬን ሳመችኝ። እኔን ያቃጠለኝ ያ መሳም ነው።

*

ያለቀ ዕለት ቤቱ በሙሉ ስኳር ስኳር ሸተተ። እትዬ በትልቁ ሳፋ ውስጥ ስኳር በሙቅ ውሃ አሟሙታ ዳንቴሉን ነከረችው፤ ሲደርቅ እንደ እንጨት ድርቅ እንዲል ነው። ባለ ጥቅልሉ ኮቱን አውልቆ፣ ወንበር ላይ ቆሞ፣ ከጣሪያው በስምንት መንጠቆ ሰቀለው። ዳዶዎቹን አንድ በአንድ አንጠለጠለ። ሙሉው ነጭ ነገር ቀስ ብሎ እየረገበ ወደ ታች ወረደ። ጠብ፣ ጠብ ይላል። የከሰዓቱ ፀሐይ ገባችበትና እያንዳንዷ ጠብታ በራች። እኔ ከሥሩ ቆሜ አፌን ከፍቼ አንድ ጠብታ ያዝኩ። ሠርግ መሆኑን ለአፍታ ረሳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም።

ባለ ጥቅልሉ ከወንበሩ ወርዶ ዞረው። ሁለተኛ ዞረው። በመስኮቱ በኩል ያለው ክፍል ጠቦ፣ ተወጥሮ፣ እንደ ሌሎቹ አልወርድም ብሎ ነበር። አሁን ታየዋለች፤ አሁን ክሩን ትስበዋለች።

«እንዴት ሆነ?» አለች እትዬ፣ እጆቿን በልብሷ እየጠረገች፣ በፈገግታ።

እሱ አየት አደረጋት። «በዚህ በኩል... አልታየዎትም?»

«ምኑ?»

ፈገግታዋ እዚያው ፊቷ ላይ እንዳለ ነበር፤ ዓይኗ ግን ዳንቴሉን አልፎ ግድግዳውን ነበር የሚያየው። ባለ ጥቅልሉ ወደ እኔ ዞሮ «እመቤቴ፣ እስቲ ለአንድ አፍታ ውጪ ሁኚ» አለኝ። ወጣሁ። በሩ ግን ስንጥቅ ነበረው፤ እኔም ዓይን ነበረኝ።

እሱ ፊት ለፊቷ ቆሞ ሦስት ጣቱን አነሳ። የሚለው አይሰማኝም። የእሷ መልስ ግን ተሰማኝ፤ «ሁለት» አለች። አምስቱንም ዘረጋ። «ሦስት» አለች፤ ድምጿ ቀጥኖ። አንድ ጣት አነሳ። ምንም አላለችም።

ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ስለ ቀኑ እየተከራከሩ ነው! እሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲል እሷ በሁለት፤ እሱ አምስት ሲል እሷ ሦስት። እትዬ እያሳጠረችው ነው። ከእኔ ለመለየት ቸኩላለች። በሩን ተደግፌ እዚያው ቁጭ አልኩ።

በስንጥቁ መልሼ ስመለከት እጆቿን ይዟቸው ነበር። ቀስ ብላ አስለቀቀቻቸውና ወደ ፊቷ አቅርባ አየቻቸው። «ዓይኔንስ ለምጄው ነበር» አለች። «እነሱም ከዱኝ።» ከጸጉሯ ውስጥ ኪሮሹን መዝዛ የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችና ክዳኑን ገጠመችው። እነማን እንደከዷት አልገባኝም። ሠርጉ ላይ አንመጣም ያሉ ዘመዶች ይሆናሉ ብዬ አለፍኩት።

ከሦስት ቀን በኋላ ባለ ጥቅልሉ መኪና ይዞ መጣ፤ ሻንጣዋን ጫነ። እናቴ ታለቅሳለች። እኔ አላለቀስኩም፤ አልጋ ሥር ገብቼ አልወጣም አልኩ። የእትዬ እጅ አልጋው ሥር ገብቶ ፀጉሬን ፈለገ፤ አገኘው። «እመለሳለሁ» አለችኝ። ሙሽራ ሁሉ እንደዚያ እንደምትል አውቃለሁ።

ከሃያ ቀን በኋላ ተመለሰች። አንድ ዓይኗ በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። ጣቷ ላይ ቀለበት የለም። ባለ ጥቅልሉ ሻንጣዋን ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል፤ ፊቱ ጠቁሯል። መቷት መለሳት አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ብርቱካን ይዞ ሲመጣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ጫማዬ ውስጥ ደበቅሁት። እሱ ውጪ፣ ደጃፉ ላይ፣ ብርቱካኑን ታቅፎ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። እሑድ እሑድ ለሦስት ዓመት መጣ፤ አንድም ቀን ደህና ዋልክ አላልኩትም።

*

እውነቱ እንደ ጠብታ ነው የመጣልኝ። አሥር ዓመት ሲሆነኝ እናቴ የዓይን ግፊት የሚባል በሽታ እንዳለ ነገረችኝ። አንደኛው ዓይኗ ጠፍቷል፤ ሌላው ለጥላና ለብርሃን ያህል ተርፏል፤ ሐኪሙ ሌላ ወር ብትቆይ እሱም አይኖርም ነበር ብሏል። ጣቶቹ የቀን ክርክር እንዳልነበሩ ያኔ ገባኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ የመናኸሪያው ጣሪያ ተመረቀ። ከእናቴ ጋር ሄድኩ፤ ወደ ላይ ቀና ብዬ አየሁ፤ ውሃ ሆንኩ። ሙሽራ የለችም፣ ሠርግ የለም፤ ዳንቴሉ የዚህ ጣሪያ መለኪያ ኖሯል፤ አዳራሹ ይኸው፣ አምስት መቶው ሰው ይኸው፣ በመስኮቱ በኩል የነበረው ክፍልም ይኸው፣ በሲሚንቶ፣ ዝቅ ብሎ።

ባለ ጥቅልሉ፣ መሐንዲሱ፣ አጠገባችን ቆሞ ነበር። «ለምን አላቃኑትም?» አልኩት። እትዬ በፋሻ ከተመለሰች ወዲህ ያናገርኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ማን ይሥራልኝ ሌላ?» አለኝ። «ደግሞ ለካሁት። ጠማማ ነው እንጂ ስህተት አይደለም። ክሩ የራሱን መቆሚያ አግኝቷል፤ ስትገለብጪው ይቆማል።»

በዚህ አርባ ዓመት ውስጥ ስንቴ ልነግራት ተነሳሁ! አፌ ድረስ መጥቶ ይመለሳል። ከዚያ አንድ ብልጥ ሐሳብ አገኘሁ፤ እኔ ባልዋሽ ኖሮ ዳንቴሉ አይጠምም፣ ካልጠመመ መሐንዲሱ አይጠረጥርም፣ ካልጠረጠረ ሁለቱም ዓይኗ ይጠፋ ነበር። ውሸቴ አድኗታል ማለት ነው። ሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ስሌቱ ያምርብኝ ነበር። በእሱ እንቅልፍ ተኛሁ።

*

ማክሰኞ እትዬን ክንዷን ይዤ ወደ ነጩ አዳራሽ አስገባኋት። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ሠዓሊዋ ዳንቴሉን በገመድ ዝቅ አድርጋ በእጅ እንዲደረስበት አድርጋለች። ጥበቃዋ ከልማድ «አይነካ...» ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች።

የእትዬ ጣቶች ክሩን ነኩት። አርባ ዓመት ሥራ ፈትተው ጭኗ ላይ ሲታጠፉ የማውቃቸው ጣቶች ወዲያው መንገዳቸውን ያዙ። ከመሐሉ ተነስታ ዙር በዙር፣ ክፍል በክፍል ሄደች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስምንተኛው ክፍል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ ነው» አለች።

«ምኑ፣ እትዬ?» አለች ሠዓሊዋ።

«ጣቶቼ የከዱኝ። ዓይኔ ሲደክም እኮ አልፈራሁም ነበር፣ ልጄ። ዳንቴል በጣት ነው የሚሠራው፤ ብታወርም እሠራለሁ ብዬ ተማምኜ ነበር። እዚህ ጋ ስደርስ ግን ጣቶቼ የሌለ ነገር ይቆጥሩልኝ ጀመር። አሥራ አንድ ይሉኛል፣ ይቺ ልጅ አሥራ ሁለት ነው ትለኛለች። ልክ ነው ይሉኛል፣ በዝቷል ትለኛለች። የሕፃን ዓይን ይዋሻል? እነሱም ሄዱ ብዬ ኪሮሹን ከተትኩት።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያ ሁሉ ያማረ ስሌቴ፣ ዓይኗን አድኛለሁ የምለው፣ አንድ ቁጥር ጎድሎት ኖሯል። ኪሮሹን ያስጣላት ዓይኗ አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

«እትዬ» አልኳት። ድምፄ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። «አሥራ አንድ ነበር።»

ወደ ድምፄ ዞረች።

«ጣቶችሽ ልክ ነበሩ። ሁልጊዜ ልክ ነበሩ። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። የሙሽራ ልብስ መስሎኝ ነው። ከእሱ ጋር የምትሄጂ መስሎኝ... ስህተት ካለበት ትተረትሪዋለሽ ብዬ... እንዳትሄጂብኝ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

ተመልሳ ያንን ክፍል ዳበሰች። ጮክ ብላ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ተማሪ ቆጠረች። አሥራ አንድ ላይ ቆመች። ጣቷን የሚቀጥለው ቦታ ላይ፣ ቀዳዳ መኖር ሲገባው የሌለበት ቦታ ላይ፣ አሳረፈችው።

«አርባ ዓመት» አለች። ቁጣ ነበረበት፤ ይገባኛል። «አርባ ዓመት እጄን አጣጥፌ ቁጭ ብዬ፣ አንቺ አጠገቤ ሆነሽ!» እንባዋ ከሁለቱም ዓይኗ ወረደ፤ ከማያየውም። እኔም እዚያው ወለሉ ላይ፣ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ይቅር በይኝ ማለት እንኳ አፈርኩ።

ሠዓሊዋ መሐላችን ቆማ «ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ... ልቀይረው?» አለች በቀስታ።

«ምን ይላል?» አለች እትዬ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«ሚዛኑን ሆን ብላ የሰበረች፣ ደፋር እጅ ይላል።»

የእትዬ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀች ነበር። «ተዪው» አለች። «በሰባት ዓመቷ እኔን ያታለለች ልጅ ደፋር ካልተባለች ማን ሊባል ነው?» እጇን ዝቅ አድርጋ በአየር ላይ ፈለገች፤ ፀጉሬን አገኘችው፤ ያዝ አድርጋ ሳበችው፤ አመመኝ። ከዚያ እዚያው ላይ እጇን አሳረፈች።

«ለመሆኑ» አለች ቀና ብላ፣ «እዚህ ቤት ኪሮሽ ያለው ሰው የለም?»

ጥበቃዋ ጠረጴዛዋ ሥር ጎንበስ አለችና ኪሮሹንና የክር ጥቅሏን ይዛ እየሮጠች መጣች። የራሷን ወንበር ለቀቀችላት። እትዬ ክሩን በጣቷ ጠቅልላ፣ አሽታ፣ ውፍረቱን አወቀችው። የመጀመሪያዋን ቀዳዳ አበጀች። ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋ ላይ እጇ ፈጠነ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በከፍተኛው መስኮት ፀሐይ ገብታ የትልቁ ዳንቴል ጥላ ወንበሩም ላይ፣ እኔም ላይ፣ ወለሉም ላይ ወድቋል። እኔ እንደ ድሮው ከእግሯ ሥር ቁጭ ብያለሁ። ሳላስበው፣ ከልጅነት ልማድ፣ አፌ መቁጠር ጀመረ።

«አራት፣ አምስት፣ ስድስት...»

«አንቺ ዝም በይ» አለች እትዬ፣ ጣቷን ሳታቆም። «እኔ ነኝ የምቆጥረው።»